የፈረስ ጉልበት ብቻውን ቡና አያደርስም

የጭነት መኪና ለመግዛት ወደ አስመጪ መደብር የሚገባ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ የፈረስ ጉልበት ነው። ሻጩም ይህንኑ ስለሚያውቅ ቁጥሩን አጉልቶ ያሳያል። ይሁን እንጂ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አካባቢ ቡና ለሚያወጣ ሰው፣ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ ጉልበቱን ተቀብለው እስከ ጎማ የሚያደርሱት ብረቶች ጽናት ሊያሳስበው ይገባል።

ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ የረጅሙ ጉዞ ችግር በብዙ ተቃልሏል። የቀረው ችግር ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ እስከ ቡና ማሳውና እስከ ማጠቢያ ጣቢያው ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። በቴፒና በበበቃ ቆላማ ስፍራዎች ቡናው መቅላት የሚጀምረው ዝናቡ ገና ሳያባራ ነው። የተለቀመው እሸት ቡና ሳይፈለፈል ካደረም በከረጢት ውስጥ መቡካት ይጀምራል፤ የቦካ ቡና ጣዕም ደግሞ በኋላ በማናቸውም ጥበብ አይመለስም። ስለዚህ በጭቃ መካከል ዘንጓ ተሰብሮ የቆመች መኪና የምታስከትለው ኪሳራ የዘንጉ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የጭነቱም ደረጃ አብሮ ይወርዳል።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል በፍሪሲዮን አልፎ ወደ ካምቢዮ ይገባል፤ ከዚያም በረጅሙ ዘንግና በክሮቼራዎቹ ወደ ዲፈረንሲያል፣ ከዲፈረንሲያሉም በግራና በቀኝ ዘንጎች ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል። ኃይሉ በየማርሹ እየተባዛ ይሄዳል። ለምሳሌ 1,000 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር በ1ኛ ማርሽ 10 ጊዜ፣ በዲፈረንሲያሉ ደግሞ 5 ጊዜ ቢባዛ፣ በሰበቃ የሚባክነው ሳይቆጠር ለጎማዎቹ የሚደርሰው 50,000 ኒውተን ሜትር ይሆናል።

ጎማው በጭቃ ውስጥ በባዶ ሲሽከረከር በዘንጉ ላይ ብዙ ሸክም የለም። ዘንጉ የሚሰበረው የሚሽከረከረው ጎማ በድንገት ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሲይዝ ነው። ጭነት ከልክ ሲያልፍም አደጋው ይብሳል፤ በልኩ የተጫነ መኪና ጎማ በመንሸራተቱ ብረቱን ሲያድነው፣ ከልክ በላይ የተጫነው ግን መሬቱን አጥብቆ ስለሚይዝ ኃይሉ ሁሉ በብረቱ ላይ ያርፋል። የዲፈረንሲያል መቆለፊያም ከማጥ የማውጣቱን ያህል፣ አንደኛው ጎማ መያዣ ሲያጣ ለ2 ዘንጎች ሊከፈል የሚገባውን ሸክም በ1 ዘንግ ላይ ይጥላል።

በኢትዮጵያ መንገዶች ለብዙ ዘመን የታወቀው ፊያት 682፣ በሕዝብ አጠራር ኤንትሬ፣ ጉልበቱ ከ200 ፈረስ አይበልጥም ነበር። ዛሬ ከሚታዩት የሲኖትራክ ዓይነቶች አንዱ 371 የፈረስ ጉልበት አለው። ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ፣ ብረቱም በዚያው መጠን መጽናቱን ማረጋገጥ የገዢው ፈንታ ነው። በሌላ በኩል ኡራል 4320 በ210 የፈረስ ጉልበት ተሠርቶ ሳለ በጭቃ የተመሰገነው፣ ኃይሉ ለ3 አክስሎች ተከፍሎ 6ቱም ጎማዎች ስለሚነዱ ነው።

አንዳንድ ከባድ መኪናዎች የመጨረሻውን ማባዛት የሚፈጽሙት በጎማው መሐል በተቀመጡ ትናንሽ ማርሾች ነው። በዚህ አሠራር ዘንጉ የሚሸከመው ኃይል ስለሚቀንስ ዕድሜው ይረዝማል። ነገር ግን ዘይት የሚይዘው ስፍራና መጠበቅ የሚገባው ጎሚኒ ይበዛል። የጋለ አክስል ወደ ቀዝቃዛ ወንዝ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በላላ ጎሚኒ ወይም በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ሳይዘገይ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ኩሽኔታና ማርሽ ተያይዘው ይበላሻሉ።

ከዚህ የሚገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ነገር መሰበሩ ካልቀረ፣ የሚሰበረው በዋጋው ርካሽና ለእጅ ቅርብ የሆነው ክፍል ቢሆን ይመረጣል። ክሮቼራ በመንገድ ዳር ይለወጣል፤ የብዙ መኪናዎች የጎማ ዘንግም እንዲሁ። የዲፈረንሲያል ማርሽ ወይም ካምቢዮ ሲሰበር ግን መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ መግባት አለበት፤ ቀኑም ይቆጠራል።

እርግጥ ነው፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መለዋወጫ አስመጥቶ ማከማቸት ለነጋዴው ከብዷል። ባለመኪናውም በልኩ ቢጭን ትርፉ እንደሚቀንስ ይናገራል። ሆኖም በለቀማ ወራት አንድ ሳምንት የቆመ መኪና፣ በትርፍ ጭነት የተገኘውን ገንዘብ ሁሉ መልሶ ይወስዳል። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ የሚባለው ይህ ነው።

ስለዚህ አስመጪው ከፈረስ ጉልበቱ ጎን የአክስሉን የመሸከም ልክና የማርሾቹን ብዜት ለገዢው በጽሑፍ ቢሰጥ መልካም ነው። በሚዛንና በቴፒ ያለው ባለሱቅ ከጌጣጌጥ ዕቃ አስቀድሞ ዘንግ፣ ክሮቼራ፣ ጎሚኒና የፍሪሲዮን ሸራ ያከማች፤ መልኩ ከዋናው የማይለይ፣ ብረቱ ግን በወጉ በእሳት ያልጠነከረ ዘንግ ከመሸጥም ይቆጠብ። ላኪውም ከአቅራቢው ጋር ሲዋዋል የጭነቱን ልክ በውሉ ያስገባ። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ በቅሎ ሲገዛ ጀርባዋንና ሰኮናዋን ሳይመረምር ገንዘቡን አይቆጥርም ነበር። የዛሬውም ነጋዴ ከሞተሩ ክዳን በፊት ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ያለውን ብረት ቢመለከት፣ ቡናው በሰዓቱ ይገባል፤ ገንዘቡም ይተርፋል።