ሳይቃጠል በቅጠል፦ የድረ ገጻችሁ ባክአፕ የት ነው ያለው?

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ስልኬን አንስቼ የራሴን ድረ ገጽ ስከፍት ነጭ ገጽ ብቻ መጣልኝ። ኔትወርክ መስሎኝ ዳታ አጥፍቼ አበራሁ፤ ምንም ለውጥ የለም። ለካ ማታ አንድ ነገር ላስተካክል ብዬ ስነካካ ዳታቤዙን አጥፍቼዋለሁ። ያን ያህል አልደነገጥኩም። ሆስቲንጉን ስገዛ «በየቀኑ ባክአፕ እንይዛለን» ተብዬ ነበራ! ከሁለት ቀን በኋላ መልስ መጣ፦ ባክአፑ መሥራት ካቆመ አምስት ወር ሆኖታል፤ ያስተዋለ ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የአምስት ወር ጽሑፎቼ በዚያው ቀሩ።

የእኔስ ትንሽ ናት። ትልልቆቹም ግን የሚወድቁት በዚሁ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ሌሊት፣ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ክላውድ ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። ኩባንያው ከአውሮፓ ትልልቅ የሆስቲንግ ድርጅቶች አንዱ ነው። ሰው አልተጎዳም፤ ነገር ግን አንዱ ሕንጻ ሙሉ በሙሉ ወደመ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾችም ተቋረጡ። ቅጂያቸውን ሌላ ቦታ ያስቀመጡ ደንበኞች እንደገና መነሳት ቻሉ። ለባክአፕ ተጨማሪ ከፍለው ባዶ እጃቸውን የቀሩም ነበሩ፤ ቅጂው ከዋናው ጋር እዚያው ሕንጻ ውስጥ ተቃጥሏላ። ትርፍ ቁልፍን ቤት ውስጥ ትቶ በር እንደመቆለፍ ማለት ነው። ከነዚህ ደንበኞች አንዱ ከሶ፣ በ2023 የሊል ሜትሮፖል የንግድ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ደረጃ ውሳኔው ከ100,000 ዩሮ በላይ ካሳ ፈረደለት። የተቃጠለ ዳታ ግን በፍርድ አይመለስም።

ትምህርት ተወስዶ ይሆን? በሴፕቴምበር 2025 ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ሴንተር ከሊቲየም ባትሪ እሳት ተነሳ። 709 የመንግሥት ሲስተሞች ተቋረጡ። የመንግሥት ሠራተኞች ፋይል የሚያስቀምጡበት ጂ-ድራይቭ 858 ቴራባይት ዳታ ይዞ ጠፋ። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም፤ የተሰጠው ምክንያት መጠኑ በጣም ትልቅ ነው የሚል ነው። በቴክኖሎጂ የምንቀናባት ኮሪያ ናት እንግዲህ!

ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝ አንድ ነገር አለ፦ ወጪውን የሚቆጥበው አንዱ፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ሌላው ሲሆን፣ ጥንቃቄ ይጎድላል። ሆስቲንግም እንዲሁ ነው። ባክአፕ ቦታና ባለሙያ ይፈልጋል፤ ደንበኛው ደግሞ ዋጋ እንጂ ባክአፕ አያወዳድርም። የስልክን ካሜራ ፎቶ አንስተን እናየዋለን፤ የባክአፕ ጥራት ግን የሚታየው አደጋ ሲደርስ ብቻ ነው። ውሉን ብታነቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ የድርጅቱ ተጠያቂነት ከከፈላችሁት የአገልግሎት ክፍያ ብዙም አያልፍም። የኦንላይን ሱቅ ላለው ልጅ ግን የጠፋው ክፍያው ሳይሆን የደንበኞቹና የትዕዛዞቹ መዝገብ ነው።

ስለዚህ ለሆስቲንግ ድርጅታችሁ ዛሬውኑ ሦስት ጥያቄ ላኩ። ባክአፕ የምትይዙት በየስንት ጊዜው ነው፣ የስንት ቀንስ ታቆያላችሁ? ቅጂው ከሰርቨሩ የተለየ ሕንጻ፣ ቢቻል የተለየ ከተማ ውስጥ ነው? ከቅጂው መልሳችሁ አስነስታችሁ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? መልሱ ከተድበሰበሰ እናንተም መልሱን አግኝታችኋል።

መልሱ ቢያምርም በሱ ብቻ አትተኙ። እኔ አሁን በየሳምንቱ እሑድ ፋይሎቹንም ዳታቤዙንም አውርጄ አንዱን ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ጎግል ድራይቭ ላይ አስቀምጣለሁ። ትንሽ ድረ ገጽ ብዙ ዳታ አይበላም፤ ዋይፋይ ስታገኙ አውርዱት። በየጥቂት ወሩ ደግሞ ከቅጂው አስነስቼ መሥራቱን አያለሁ። ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ነው ነገሩ። እኔ አምስት ወር ከፍዬበታለሁ፤ እናንተ በአንድ መልእክት ልትገላገሉት ትችላላችሁ።