ነጻ የተባለው ምርመራ ከእናት መቀነት አይከፈል

በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. መንግሥት ከአሜሪካ ጋር የአምስት ዓመት የጤና ትብብር ሰነድ ሲፈራረም የዜናው ራስ የሆነው ከ1 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጠው የአሜሪካ ድርሻ ነበር። የእኛ ዓይን ያረፈው ግን ዝቅ ብሎ በተነገረው ቁጥር ላይ ነው። ኢትዮጵያም በበኩሏ ለጤና የምታወጣውን ገንዘብ በ450 ሚሊዮን ዶላር ልታሳድግ ቃል ገብታለች። ቃሉ መልካም ነው፤ እንዲፈጸምም ከልብ እንመኛለን። ጥያቄያችን አንድ ነው። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ የነፍሰ ጡር እናቶችን የደም ምርመራ የሚሸፍነው የትኛው ነው? በየትኛው የበጀት ርዕስ ሥር ነው የሚቀመጠው? በፌዴራል፣ በክልል ወይስ በከተማ አስተዳደር?

ይህን የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን የውጭ እርዳታዋን በአንድ ትእዛዝ ስታግድ፣ በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው በኤችአይቪ ሥራ ላይ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ የጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ የወጣው በዚያው ወር ነው። ሚኒስቴሩ ሌላ ምን አማራጭ ነበረው የሚሉ አሉ፤ እኛም ለመፍረድ አንቸኩልም። ያስደነገጠን ከደብዳቤው ይልቅ ደብዳቤው የገለጠው ነገር ነው። ውቅያኖስ ማዶ በተፈረመ ወረቀት እዚህ እኛ ዘንድ የነፍሰ ጡሮች መመርመሪያ ክፍል ወንበሩ ባዶ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ይህን ያህል ዓመት ስናመሰግንበት የኖርነው አገልግሎት የእኛ አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ምርመራው ይስፋ እየተባለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ ሦስቱንም አብሮ መመርመር ይገባል ይላል፤ አገራችንም ይህንኑ ተቀብላ ዕቅድ አውጥታለች። እኛም እንደግፋለን። የምንቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወጪው ሳይታወቅ «ለሁሉም እናቶች በነጻ» ተብሎ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ።

ምርመራው ራሱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያየ ሰው ንዴታችን ይገባዋል። አዋላጇ የነፍሰ ጡሯን የጣት ጫፍ በአልኮል ጠርጋ ትወጋታለች። አንድ ጠብታ ደም ከትንሿ ፕላስቲክ ላይ ታሳርፋለች፤ ከጠርሙሷ ፈሳሽ ጠብ ታደርግበታለች። ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ቀይ መስመሩ ብቅ ይላል ወይም አይልም። ኤችአይቪንና ቂጥኝን በአንድ ጠብታ ደም አብሮ የሚያሳየው ኪት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ለድሃ አገሮች ከ1 ዶላር ባነሰ ዋጋ ቀርቧል። ቂጥኝ ከተገኘ መድኃኒቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ነው። በሽታው ገና ከሆነ አንድ መርፌ፣ የቆየ ከሆነ በሳምንት ልዩነት ሦስት መርፌ ይበቃል።

ያ መርፌ ከቀረስ? ሕፃኑ በማኅፀን ሊሞት ይችላል። በሕይወት ከተወለደም አሥር ቀን ሙሉ በሆስፒታል አልጋ ላይ ፔኒሲሊን ሲወጋ ይሰነብታል። በኤችአይቪ በኩል ሕክምና ካልተሰጠ ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ከእናታቸው ይያዛሉ፤ ሕክምናው በጊዜው ከተጀመረ ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ከሁሉም ዝምተኛው ነው። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ከመቶ ዘጠና እጅ በሽታውን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። እናት ልጄ ጤነኛ ነው ብላ ታሳድገዋለች፤ ጎልማሳ ሆኖ ቤት ሲመሠርት ጉበቱ ሊከዳው ይችላል። በባሕር ዳር ከተማ ከአሥር ዓመት በፊት በተደረገ ጥናት ከመቶ ነፍሰ ጡሮች ወደ አራት የሚጠጉት ይህ ቫይረስ ተገኝቶባቸዋል። ሰፈር ውስጥ «የወፍ በሽታ» እየተባለ በቅጠል ሲታከም የሚኖረው አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ከጎንደር ተነሥቶ ወለቃን አልፎ ወደ ደባርቅ በሚያቀናው መንገድ ዳር ካሉ ቀበሌዎች አንዲት ነፍሰ ጡር ለክትትል ትመጣለች እንበል። ገቢዋ በአስፋልቱ ዳር ደርድራ ከምትሸጠው ጀበናና ድስት ነው። ካርድ ታወጣለች፣ ትመዘናለች፣ ግፊቷን ትለካለች፤ ይህ ሁሉ በእርግጥ በነጻ ነው። ደም ላይ ሲደረስ ግን አዋላጇ አንገቷን ደፋ ታደርግና «እህቴ፣ ለጉበቱ ኪት ጨርሰናል፤ ውጭ አሠርተሽ ነይ» ትላታለች። አዋላጇ ጥፋት የለባትም፤ የሌለ ነገር ከየት ታመጣለች? እናቲቱ የመቀነቷን ቋጠሮ ፈትታ ትቆጥራለች። የጤና መድን ደብተሯ ከግል ላቦራቶሪው ደጃፍ አያሻግራትም። አሠርታ ትመለሳለች ወይስ በዚያው ወደ ቤቷ ትሄዳለች? የብዙዎቹን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ሌላ ቀን ትመጣ የለ?» የሚሉ ኃላፊዎች በ2011 ዓ.ም. የተካሄደውን አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይመልከቱ። ከመቶ እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለክትትል መጥተዋል፤ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የመጡት ግን 43ቱ ብቻ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ደግሞ 28 ናቸው። ስለዚህ «ነገ ነይ» ከተባሉት ብዙዎቹ ዳግም ላይመጡ የሚችሉ ናቸው። በዚያ ላይ ክልላችን አማራ ያለበትን የጸጥታ ሁኔታ አንባቢ ያውቀዋል፤ መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ከደጋው ወርዳ ጎንደር የደረሰች እናት ባዶ እጇን ብትመለስ ሌላ ዕድል ላይኖራት ይችላል።

ገንዘብ የለም ይባላል። የውጭ ምንዛሪውን ሁኔታ እኛም አንክድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል፤ ኪቱም፣ ፔኒሲሊኑም፣ የላቦራቶሪ ኬሚካሉም የሚገዙት በዶላር ነው። ይሁን እንጂ የዋጋው መናር የሚያስተምረን በጀቱን ቀድመን መያዝ እንዳለብን ነው እንጂ እርግፍ አድርገን እንድንተወው አይደለም። ወጪ በበጀት ስላልተመዘገበ አይቀርም፤ ከፋዩ ይቀየራል እንጂ። ከመንግሥት ካዝና ያልወጣው ብር ከጀበና ሻጯ መቀነት ይወጣል፤ ከእርሷም ካልወጣ ከሃያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በጉበት ሕመምተኛው ልጇ በኩል ተመልሶ መንግሥትን ራሱን ይጠይቃል። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 ከመቶውን ለጤና ለመመደብ የገቡትን ቃል አገራችን እስከ ዛሬ አልሞላችውም። ይህን የምናነሳው ለወቀሳ አይደለም፤ ከተስፋ ወደ በጀት መሄጃው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ለማሳየት ነው።

ጎንደር ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። በደምቢያ ቆላ ድባ ሺዎችን የቀጠፈው ወባ ካለፈ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ የጤና ኮሌጅ ሲከፈት ከመንግሥት ጋር የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ነበሩበት። የውጭ አማካሪዎቹ ጊዜያቸውን ጨርሰው ሄዱ። ኮሌጁ ግን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ዛሬም አለ፤ ምክንያቱም የመምህራኑ ደመወዝና የወንበሩ ቁጥር ከአገሪቱ በጀት ላይ ገብቶ ስለነበር ነው። እርዳታ ሥር የሚሰደው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። የእናቶች ምርመራም በዚያው መንገድ እንዲሄድ ነው የምንለው።

ጤና ሚኒስቴርና ከክልል እስከ ወረዳ ያሉ የጤና መዋቅሮች እስካሁን የሠሩት ሥራ የሚናቅ አይደለም። ኤችአይቪ የተገኘባት እናት ወዲያው መድኃኒት እንድትጀምር የተወሰነው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ያ ውሳኔ ያተረፋቸው ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው። ታዲያ ያን ያህል የደፈረ እጅ የኪት መግዣ ሲባል ለምን ይታጠፋል? ሌሎች ለጋሾች አሉ፣ ግሎባል ፈንድ አለ ይባል ይሆናል። አለ፤ እስኪሄድ ድረስ።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ከዚያ በፊት የአማራ ክልል ምክር ቤትና የጎንደር ከተማ ምክር ቤት በሚያጸድቁት በጀት ውስጥ ለነፍሰ ጡር እናቶች የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ መመርመሪያ ኪት፣ ለቤንዛታይን ፔኒሲሊንም ራሱን የቻለ መስመር እንዲያስቀምጡ እንጠይቃለን። መስመሩ ስንት ብር እንደሆነ፣ ስንት ኪት እንደሚገዛ፣ ኪቱ በየትኛው ወር ለየትኛው ጤና ጣቢያ እንደደረሰ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ይለጠፍ። ጤና ሚኒስቴርም ከ450 ሚሊዮኑ ዶላር ውስጥ ለዚህ የሚውለውን በስም ለይቶ ያስታውቅ። የምክር ቤት አባላት ደግሞ ድምፃቸውን ከመስጠታቸው በፊት አንድ ማለዳ ወደ አቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ ሄደው «የጉበት ኪት አለ?» ብለው ይጠይቁ።