ጊታር ባዕድ ነውን?

ተማሪዎች፣ በሰፈራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ አዳራሽ አራት አምስት ወጣቶች ጊታር አንግተው፣ ድራም ተክለው ሲለማመዱ አጋጥመዋችሁ እንደ ሆነ፣ ከአጠገባቸው ቆሞ ራሱን የሚነቀንቅ አንድ ጎልማሳ ሳታዩ አልቀራችሁም። «ይህ የእኛ አይደለም፤ ከባዕድ የመጣ ጩኸት ነው» ይላል። ወጣቶቹም በበኩላቸው «ዘመኑ አልገባችሁም» ብለው የድምፅ ማጉያውን ከፍ ያደርጉታል። በዚህ መካከል ሙዚቃውን የሚያዳምጥ ሰው ይጠፋል። በእኔ አስተያየት ጎልማሳው ስለ ጊታሩ ተሳስቷል። ይህ ማለት ግን ወጣቶቹ በሁሉም ነገር ልክ ናቸው ማለት አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ጃኖ የሚባለውን የሙዚቃ ጓድ ታውቁት ይሆናል። ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው የክብር ልብስ ነው። ይህን ስም ይዞ የተነሣው የወጣቶች ጓድ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአልበሙ ስም ከአፋሩ እሳተ ገሞራ የተወሰደ ነው፤ ሥራውን በአዘጋጅነት የመራውም ቢል ላስዌል የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ሙዚቃው ሮክ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ይደልቃል፤ በዚያ ላይ ግን ወንዶችና ሴቶች ድምፃውያን እየተቀባበሉ በአማርኛ ያዜማሉ። አንዳንዱ ሰው አደነቀው፤ አንዳንዱም በቆዳ ጃኬት ላይ ጃኖ እንደ መደረብ ቆጠረው።

ለመሆኑ «የእኛ» የምንለው ዘመናዊ ሙዚቃ ራሱ ከየት መጣ? በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጆቻቸውን ያጡ የአርመን ልጆች የናስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው፣ አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» እየተባሉ የሚታወሱት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ከእርሳቸው በኋላ ኦርኬስትራዎችን በማሠልጠንና ዜማዎችን በማቀናበር ረጅም ዘመን አገልግለዋል። ጥላሁን ገሠሠን ያጀበው የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ በትራምፔትና በሳክስፎን የተሞላ ነበር። ያ ራሱን የሚነቀንቀው ጎልማሳ ማታ ቤቱ ገብቶ በናፍቆት የሚያዳምጣቸው የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሸክላዎች ውስጥም የኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን አሉ። ስለዚህ ጊታሩ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ከከሳሹ ቀድሞ የመጣ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የብሉዝን ነገር ነው። ብሉዝ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ከባርነት በወጡ ጥቁር ሕዝቦችና በልጆቻቸው መካከል ነው። ጃዝም ሮክም ከእርሱ ብዙ ወስደዋል። አሁን አንድ የብሉዝ ጊታረኛ በብዛት የሚጠቀምባቸውን አምስት ድምፆች ከ«ዶ» ጀምረን እንቁጠር፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ሲ። እነዚህን አምስት ድምፆች ክራር የሚጫወት ሰው ቢሰማቸው «ይህማ ባቲ ነው» ይላል። የባቲ ቅኝት ከአንድ በላይ መልክ አለውና፣ አንደኛው መልኩ በእርግጥም እነዚሁ ድምፆች ናቸው። በብሉዝ ዘፋኙ አንዲት ሐረግ ያዜምና ይደግማታል፣ ከዚያ በሦስተኛዋ ይደመድማል፤ በየመካከሉ ጊታሩ ይመልስለታል። አዝማሪውም እንዲሁ ስንኙን ጥሎ ዝም ሲል መሰንቆው ይቀበለዋል። ሁለቱ ሙዚቃዎች የሥጋ ዘመድ ናቸው አልልም፤ ያን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በእጄ የለም። ነገር ግን ሁለት ቤቶች በአንድ ዓይነት ምሰሶ ከቆሙ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይከብድም። ብሉዝን ከባቲ ጋር የሚያዋህድ ወጣት አገሩን ለቅቆ አልሄደም።

ጃዙን በተመለከተ መንገዱን የጠረጉት ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። በ1943 በጅማ ተወልደው፣ በለንደንና በቦስተን ሙዚቃ ተምረው፣ በ1966 በኒው ዮርክ የመጀመሪያ ሸክላዎቻቸውን አስቀረጹ። ኢትዮ ጃዝ ያሉት ሥራቸው ዋና ችግር ይህ ነበር፦ የጃዝ ስምምነት በአሥራ ሁለቱም ድምፆች እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ የእኛ ቅኝት ግን አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ከሥሩ የሚደረበው ድምፅ ካልተመጠነ አምስቱ ይዋጣሉ፤ አንቺ ሆዬም አንቺ ሆዬ መሆኑ ይቀራል። እርሳቸው ያደረጉት ዜማውን ለቅኝቱ ትተው ሌላውን በዙሪያው በጥንቃቄ ማስቀመጥ ነው። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ከኦርኬስትራው ጋር አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ሙላቱ ሥራቸውን ሊያሰሙት የቻሉት፣ ከእርሱ የተለየ የራሳቸው የሚሉት ነገር ስለ ነበራቸው ነው። (ይህን ሙዚቃ በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሰምተን «ለካስ ጥሩ ነው!» ያልን ሰዎች መኖራችን ያሳፍረኛል። የፈረንጅ ጭብጨባ እስኪሰማ የምንጠብቀው ለምንድን ነው?)

አሁን ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ከእነርሱ ጋር ያለኝ ጠብ ስለ ጊታሩ ሳይሆን ስለ አማርኛው ነው። በዚህ መጽሐፍ ስለ መጥበቅና መላላት ተምራችኋል። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን መኖርን ያመለክታል። «ገና» ጠብቆ በዓል ነው፤ ላልቶ ያልደረሰ ነገር ነው። ታዲያ የሮክ ድራም አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት አጥብቆ ይመታል። ድምፃዊው ቃሉን ለምቱ ሲያስገዛ የላላውን ያጠብቃል፣ የጠበቀውን ያላላል፤ አድማጩም ሰውየው ይናገር ወይም ይኑር ሳይለይ ዘፈኑ ያልቃል። የችክችካ ምት ደግሞ በሦስት የሚከፈል ነው። በዚያ ምት የተገጠመን ስንኝ በግድ ወደ አራት ሲያስገቡት መድረሻው ላይ ቃል ይቆረጣል ወይም «ኦ» እና «ዬ» እየተጨመረ ይሞላል። ከድምፅ ማጉያው ጩኸት ይልቅ እኔን የሚያመኝ ይህ ነው። ጎበዝ ጓድ ምቱን ለቃሉ ያሰናዳል፤ ድራም መቺውም ስንኙን በቃሉ ያጠናል።

«ጊታር ከገባ ክራር ይሞታል» የሚሉም አሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም፤ ወጣት ሁሉ ወደሚያብረቀርቀው መሮጡ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ክራርን የሚገድለው አስተማሪና ተማሪ ማጣት እንጂ ጊታር አይመስለኝም። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖም ክራርም በአንድ ግቢ ይማሩባቸዋል፤ አንዱ ሌላውን ሲያባርር አልታየም። የሙዚቃ ጓድ ለማቋቋም የምታስቡ ካላችሁ፣ የጊታር ገንዘብ ከማጠራቀማችሁ በፊት ክራር የሚያውቅ ሰው ፈልጉና አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በጆሮ ብቻ መለየት እስክትችሉ ድረስ አብራችሁት ተቀመጡ። ክራር ከጊታር በጣም ርካሽ ነውና ወላጆቻችሁም አይከፉም።

ይህን የምጽፈው ከበደል ነጻ ሆኜ አይደለም። አስተማሪ ሳለሁ አራት ተማሪዎች ለወላጆች በዓል እንጫወት ብለው ጠየቁ። ሁለቱ ጊታር፣ አንዱ ከበሮ፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ክራር ይጫወቱ ነበር። የበዓሉን ዝግጅት ከሚመሩት አስተማሪዎች አንዱ ነበርሁና «ባህላዊ የሆነ ነገር አምጡ» ብዬ ከከለከሉት ወገን ሆንሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማኋቸውም ነበር። በኋላ በአንድ ቅዳሜ በመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ሳልፍ ድምፃቸውን ሰማሁና በመስኮት ተመለከትሁ። ክራር የያዘችው ልጅ እጇን አንሥታ ጊታረኛውን አስቆመችው። «ይህ ድምፅ በባቲ ውስጥ የለም» አለችው። ልጁ ምንም ሳይከራከር ጣቱን ከክሩ ላይ አነሣ፤ እርሷ በክራሯ አሰማችው፣ እርሱም ፈልጎ አገኘውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። የወላጆች በዓል ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር።