ከመቀባታችሁ በፊት አንኳኩ

ሰሞኑን ግሮሰሪ ስንገናኝ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ነው የምትጠይቁኝ፤ “ያቺ ሰማያዊ ጀልባህ ምን ደረሰች?” ትሉኛላችሁ። ዛሬ ሁሉንም ልናገር። ትንሽ ያሳፍረኛል፤ ግን ለእናንተ ከጠቀመ ምን ቸገረኝ።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ወደ ጣና ስትጓዝ፣ እዚህ ኦሮራ ኩሽናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ በስልኬ ስከታተላት ነበር። ልጆቼም አብረውኝ ሲያዩ ቆይተው “አባዬ፣ እኛስ ጀልባ አይኖረንም?” አሉኝ። ነገሩ የተጀመረው ያኔ ነው።

መስከረም ላይ፣ ሰው ጀልባውን ለብርድ ሳያስገባ መሸጥ በሚፈልግበት ጊዜ፣ 16 ጫማ የሆነች አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ከነትሬይለሯ በርካሽ ገዛሁ። ሻጩ “ቀለም ብቻ ነው የሚያስፈልጋት” አለኝ። እኔም አመንኩት። እውነቱን ለመናገር ማመን ፈልጌ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ሥራ ጀመርን። ባለቤቴ ቀለሙን መረጠች፣ እኔ ፈገፈግሁ፣ ልጆቹ አጠቡ። ጀልባዋ እንደ አዲስ ሙሽራ አበራች! ጎረቤት ሁሉ ፎቶ አነሳ። ለሜሞሪያል ዴይ ቼሪ ክሪክ እንወርዳለን ብዬ ሁለት ቤተሰብ ጠራሁ።

ሁለት ቀን ሲቀረው የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የእንጨት ማማሰያ ይዛ ጀልባዋን እንደ ከበሮ ትመታለች። ከፊት ጀምራ ወደ ኋላ ስትደርስ ቆም አለችና “አባዬ፣ እዚህ ጋ ድምፁ ሞቷል” አለችኝ። ሄጄ መታሁት። እውነቷን ነው። ሌላው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፤ እዚያ ግን እርጥብ ካርቶን እንደ መምታት ነው።

ከቀለሙ በታች ምን አለ?

ትራንሰም የሚሉት የኋላ ግድግዳ ሞተሩ የሚታሰርበት ቦታ ነው። በብዙ አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ይህ ግድግዳ ላዩ ፋይበርግላስ፣ ውስጡ ፕላይውድ ነው። በብሎኖቹ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲደርቅ ውሃ ቀስ እያለ ይገባና እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ውጭውን ያየ ሰው ግን ምንም አያውቅም።

የጣና ታንኳ እንዲህ አይደብቅም። ደንገል ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ባለቤቱም ያወጣውና ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ዕድሜው ሲያልቅ ሌላ ይሠራል። የኔዋ ጀልባ ግን በሰማያዊ ቀለም ተሸፍና ስንት ዓመት እንደበሰበሰች እንጃ።

ሞተሩን ከታች በኩል ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረግሁት፤ ግድግዳው አብሮት ተንቀሳቀሰ። ከውስጥ በኩል በቀጭኑ ስበሳው ደረቅ ነጣ ያለ ብናኝ መውጣት ሲገባው፣ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር እርጥብ ነገር ወጣ። እኔ በዚያች ጀልባ አምስት ልጆች ልጭን ነበር። ሞተሩ ውሃ መሃል ግድግዳውን ገንጥሎ ቢወርድስ? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የጠራኋቸውን ቤተሰቦች ደውዬ ሰረዝኩ። ከሁሉ የከበደኝ ለልጆቹ “አባዬ ተሳስቷል፤ መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን መጨረሻ አየሁ” ማለት ነው። ትልቁ ልጄ ቀና ብሎ አየኝና “እሺ፣ እናፍርሰው” አለ። ያን ሰመር ሙሉ ስልኩን ጥሎ ጋራዥ አብሮኝ ዋለ።

እናንተም ካሰባችሁ

አንደኛ፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ አንኳኩ። የፕላስቲክ መዶሻ ወይም ማማሰያ ይበቃል። ወለሉንም እየረገጣችሁ እዩ፤ እንደ ስፖንጅ ከሰመጠ ተመለሱ። ከኋላ በቀኝ በኩል የተጻፈውን ባለ 12 ሆሄና ቁጥር መለያ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ከ1984 መጨረሻ ወዲህ በተሠሩት ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የሞዴሉን ዓመት ይነግሯችኋል። የሽያጭ ወረቀት ሳትቀበሉ አትሂዱ። ኤችኦኤ ያለበት ሰፈር ከሆነም የት እንደምታቆሟት ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የበሰበሰ እንጨት አይቀባም፤ ይቀየራል። እኛ የውስጡን ፋይበርግላስ ቆርጠን፣ የበሰበሰውን ጠርገን፣ አዲስ የጀልባ ፕላይውድ በኢፖክሲና በፋይበርግላስ ጨርቅ አሰርን። ይህን ለብቻችሁ ካልደፈራችሁ ባለሙያ አሠሩት፤ ዋጋው ከጀልባዋ ከበለጠም ተዉአት።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ በተራው። መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ቀጥሎ በሰም ማስለቀቂያ ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ ነው መፈግፈግ። ሰሙ ሳይለቅ ከፈገፈጋችሁት ወደ ውስጥ ይገባና ቀለሙ አይይዝም። ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ስስ ስስ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት። አንዱ በሮለር ሲቀባ ሌላው ወዲያው በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ላዩን ያስተካክላል፤ ስለዚህ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። የዴንቨርን አየር ታውቁታላችሁ፦ ፀሐዩ ቀለሙን ሳይተኛ ያደርቀዋል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስና በረዶ ይመጣል። ስለዚህ በጠዋት፣ በጥላ ሥሩ።

አራተኛ፣ አሮጌ ቀለም ውስጥ ሊድ ሊኖር ይችላል። ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ሳትመረምሩ ደረቁን አትፈግፍጉ፤ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን አርቁ፤ በሥራ ልብሳችሁ ቤት ገብታችሁ ልጅ አትቀፉ። እኔ የኔን ያስመረመርኩት ከፈገፈግሁ በኋላ ነው፤ ደግነቱ ሊድ አልተገኘበትም። እናንተ ግን እንደኔ በዕድል አትሂዱ። ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራውን ፖሊዩረቴን ቀለም ደግሞ ቤት ውስጥ አትርጩ፤ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ውሃ ላይ ከመውረዳችሁ በፊት

ሞተር ያላት ጀልባ፣ የኤሌክትሪክም ብትሆን፣ በኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ መመዝገብ አለባት። ባዕድ ቀንድ አውጣ ይዛ እንዳትገባ ትመረመራለች፤ ስለዚህ ከውሃ ስትወጣ አጥቡ፣ ውሃዋን አፍስሱ፣ አድርቁ። ኦሮራ ሬዘርቯር የቤንዚን ሞተር አይፈቀድም፣ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ቼሪ ክሪክ ግን የቤንዚኑም ይሄዳል። ሞተሩ ደከመ ብላችሁም ቶሎ አትደንግጡ፤ 5,280 ጫማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል።

ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባዋ ስትሄድ ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። እኔ ቤት ግን ሕጉ ለአባትም ይሠራል። ስንቶቻችን ነን ዋና የማንችል? የተራራ በረዶ ቀልጦ የሚሞላው ውሃ ደግሞ ዋና የሚችለውንም ትንፋሽ ያሳጥራል።

ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት

ዛሬ ማማሰያ ውሰዱና (እማዬን አስፈቅዳችሁ!) የቤታችሁን ግድግዳ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። ውስጡ እንጨት ያለበትንና ባዶውን በድምፅ ለዩ። የሆነ ነገር ልክ ካልመሰላችሁ ደግሞ ለትልልቆች ተናገሩ። ልጄ ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ በማለዳ ቼሪ ክሪክ አወረድናት። ከኋላ አዲሱ ሰማያዊ ከድሮው ጋር አልተመሳሰለም፤ ከሩቅ ይታያል። ድጋሚ ልቀባው ብል ልጄ “ተወው አባዬ፣ እኔ ያገኘሁት ቦታ ነው” አለችኝ። ተውኩት።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር ይግጠመን!