በቆጣሪ መርፌ አላምንም

ባሕር ዳር ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው «ጋሼ፣ ይዩ! 140 ገብታለች» ይሉኛል። ቪዲዮው የሚያሳየው የፍጥነት ቆጣሪውን መርፌ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ቆጣሪ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አስበልጦ ማሳየትን ግን እስከ ተወሰነ ልክ ይፈቅዳል። ፋብሪካዎችም ወደ ላይ ያጋድሉታል።

እኔ የማምነው ስሌቱን ነው። ነፋስን ሰንጥቆ ለማለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ በላይ ይንራል፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ። ከ100 ወደ 140 ለመድረስ 2.7 እጥፍ ያህል ይጠይቃል። 100 ላይ የደከመች ባለ 150 ሲሲ ሞተር ይህን ከየት ታመጣለች?

የቆጣሪ ነገር በታዋቂዎችም ዘንድ ያው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱርካዊው ከናን ሶፉኦግሉ በኦስማን ጋዚ ድልድይ ላይ ካዋሳኪ ሞተሩን በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር አስገባ ተባለ። ድንቅ ጋላቢ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከዳሽቦርዱ የተነበበ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተነዳ ነው። ለዓለም ክብረ ወሰን የሚመዘገበው ወዲያና ወዲህ ተነድቶ የሚገኘው አማካይ ነው፤ ነፋስ ከኋላ እንዳያግዝ።

የሚያሳስበኝ ልጆቹ ናቸው። የተባለውን አምነው፣ ለዚያ ፍጥነት ባልተሠራ ፍሬንና ጎማ አስፋልት ላይ ይሞክሩታል። ሞተር ስትገዙ፣ ሻጩ በጂፒኤስ፣ በሁለቱም አቅጣጫ የተለካ ቁጥር ካላሳየ ለፍጥነቷ ብላችሁ አንድ ብር አትጨምሩ።