ልብ ወለድ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም



አዲስ ገቢ ቤተሰብ ወደ ቤር ሼቫ ሲደርስ ከየሚስራዱ ብዙ ወረቀት ይሰጠዋል። ስለ ባንክ፣ ስለ ኩፓት ሖሊም፣ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፤ አንዳንዱም በአማርኛ ተተርጉሞ። መልካም ነው፤ እኔም የማኅበራዊ ሠራተኛ በመሆኔ ይህንኑ ወረቀት አድላለሁ። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል «ይህን ልብ ወለድ አንብቡ» የሚል አንድም ወረቀት አይቼ አላውቅም። አዲስ ገቢ መመሪያ እንጂ ታሪክ አያስፈልገውም ብሎ የወሰነው ማን ነው?

ይባስ ብሎም «በቤት ውስጥ አማርኛ ማንበብ ልጆችን ከዕብራይስጥ ያዘገያል» የሚል ምክር ለወላጆች ሲሰጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ የተሳሳተ ምክር ነው። ረጅም ታሪክ መከታተል የለመደ ልጅ ያንኑ ልምድ ይዞ ነው ወደ ሁለተኛው ቋንቋ የሚገባው።

ጥፋቱ ግን የመሥሪያ ቤቶች ብቻ አይደለም። ከእኛም ወገን «ልብ ወለድ ውሸት ነው፤ ሥራ ያጣ ሰው ነው የሚያነበው» የሚሉ ሞልተዋል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ትንፋሹን ውጦ ያዳመጠው ሕዝብ እኛው አይደለንም? ያን ጊዜ ውሸት ነው ብሎ ሬዲዮኑን የዘጋ ማን ነበር?

ሌላው ችግር እዚያው መቆማችን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ትልቅ ነው፤ ግን የአማርኛ ልብ ወለድ በእርሱ አላበቃም። አዳም ረታን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? «ግራጫ ቃጭሎች»፣ «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»፣ «አለንጋና ምስር» የእርሱ ናቸው። ብዙ ዘመን በውጭ አገር የኖረ ደራሲ ነው፤ እርሱ ራሱ «ሕፅናዊነት» ብሎ የሰየመውን አጻጻፉን በእንጀራ ዓይኖች ይመስለዋል። እንጀራ ላይ ያሉት ዓይኖች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ናቸው፤ እንጀራው ግን አንድ ነው፤ ታሪኮቹም እንደዚሁ ይያያዛሉ። እውነቱን ለመናገር ቀላል ደራሲ አይደለም። ስለዚህ ከአጫጭር ታሪኮቹ፣ ከ«አለንጋና ምስር» መጀመር ይሻላል እላለሁ።

አሁን ደግሞ ልጆቻችን ወደሚያነቡት ወደ ዕብራይስጡ እንምጣ። ትምህርት ቤት ስለ ኢትዮጵያውያን መጽሐፍ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የሱዳን ጉዞ ትዝታ ነው። በመንገድ ያለቁትን ወገኖቻችንን የማያከብር የለም። ነገር ግን ከ2020 ወዲህ በ«ጹር እስራኤል» ዘመቻ በአውሮፕላን የመጣ ልጅ ሱዳንን አልረገጠም። የእርሱ ጭንቀት ሌላ ነው፦ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ የሚሰማው ስሜት፣ የእናቱ ዝምታ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ አስተያየት። ይህን የሚጽፈው ልብ ወለድ ነው።

መጽሐፎቹም አሉ። በ1984 በልጅነቷ ወደ እስራኤል የገባችው ዳሊያ ቤቶሊን ሸርማን በ2013 ያወጣችው የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ «ኤኽ ሃፋኽ ሃዖላም ለላቫን» ይባላል፤ «ዓለም እንዴት ነጭ ሆነ» ማለት ነው። የዖምሪ ተጋምላክ አበራ ልብ ወለድ «አስተራይ» በ2008 ወጥቷል። የሁለቱም መጽሐፎች ዋና ሰዎች የእኛው ልጆች ናቸው። ታዲያ እነዚህን መጽሐፎች እኛው ካላነበብናቸው ማን እንዲያነባቸው ነው የምንጠብቀው? ብዙ የዕብራይስጥ አንባቢ የእኛን ሰው ድርሰት እንደ ምስክርነት እንጂ እንደ ኪነ ጥበብ አያየውም፤ «ይህ በእውነት ደርሶብሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ስለ ሌሎቹ ደራስያን ግን እንዲህ አይጠየቅም!

በሥራዬ በየዕለቱ የማየው ነገር አለ። የአሥር ዓመት ልጅ በሐኪም ቤት፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤት ስብሰባ ሳይቀር ለወላጆቹ አስተርጓሚ ይሆናል። አባት ዝም ይላል፤ ልጅ ይናገራል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማታ አብረው ቢከፍቱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጁ ዕብራይስጡን ያነብባል፤ መጽሐፉ ስለ መንደሩ፣ ስለ ለቅሶው፣ ስለ ቡናው ሲያነሣ አስረጂው አባት ነው፣ እናት ናት። ደራሲው ተሳስቶ እንደሆነም የሚያርሙት እነርሱ ናቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ከዚያ የበለጠ ይወስድብናል።

«መጽሐፉን ከየት እናምጣ?» ለምትሉ፦ የከተማችን ሲፍሪያ የእናንተም ነው። ሲፍሪያ የሚገዛው አንባቢ የሚጠይቀውን ነው፤ እኛ ስላልጠየቅን የአማርኛ ልብ ወለድ ለምን የለም ብለን ልንቆጣ አንችልም። ጠይቀን እንቢ ከተባልን ግን መቆጣት መብታችን ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ዒሪያው በማኅበራችን ስም እንጻፍ። ንግግሩ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ለሠራተኛዋ ስጧት። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ማመልከቻውን ግን እናንተ ፈርሙ።