ጎተተ ማለት ቻለ ማለት አይደለም

(ስለታሰበው የውኃ ተሳቢ ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ተቃውሞ)



«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛን የቸገረን ውኃው ነውና ነገሩን ከሥሩ መመርመር ግዴታችን ነው። ባለፈው ስብሰባ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ ቀርቦ በጭብጨባ ተደግፏል። ከአባሎቻችን አንዱ ደብል ጋቢና ፒካፕ አለው። የሰፈራችን በያጅ በአሮጌ አክስል ላይ ተሳቢ ይሠራል። በተሳቢው ላይ 3,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ይታሰራል። ፒካፑ ባዶውን ተሳቢ ይዞ ዳገቱን ይወጣል፤ ከላይ ካለው የጉድጓድ ውኃ ሞልቶ በኮብልስቶኑ ይወርዳል፤ በየበራችን እየቆመ ያድለናል። መዋጮው በሚመጣው ስብሰባ ይወሰናል ተብሏል።

እኔ እቃወማለሁ። የምቃወመው ባለ ፒካፑን ወንድማችንን ጠልቼ አይደለም፤ መኪናዬን ለሰፈሩ ላውል ማለቱ የሚያስመሰግነው ነው። የበያጁንም እጅ አላጣጥልም፤ የብዙዎቻችንን የግቢ በር የሠራ ሰው ነው። የምቃወመው «ጎተተው እኮ፤ ምን ችግር አለው?» የሚለውን አነጋገር ነው። በቀደም ፒካፑ ከታች በአስፋልቱ ላይ አሸዋ የተጫነ ተሳቢ ሲጎትት ታየና ክርክሩ ሁሉ ያለቀ መሰለ። ኧረ ለመሆኑ ሜዳ ላይ መጎተት ቁልቁለት ላይ ማቆም ሆኖ የተቆጠረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ተሳቢ የሚጎትት መኪና ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ መጎተት፣ መሸከምና ማቆም። ሞተር የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። ስለ መሸከም የሚመልሱት ባሌስትራው፣ አክስሉ፣ ጎማውና ሻንሲው ናቸው። ስለ ማቆም የሚመልሰው ፍሬኑ ነው። በስብሰባችን ቃሉን የሰጠው ሞተሩ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ምስክሮች አልተጠሩም። እስቲ ዛሬ እንጥራቸው።

አንደኛ፤ ክብደቱን እንቁጠር። ውኃ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ 3,000 ሊትር ማለት 3,000 ኪሎ፣ በእኛ አቆጣጠር 30 ኩንታል ነው። ሠላሳ ኩንታል ጤፍ በፒካፕ ተጭኖ ይምጣ ቢባል ሁላችንም እንስቅ ነበር። ውኃ ሲሆን ግን ማንም አልሳቀም፤ ውኃ ቀላል ይመስላላ! በዚህ ላይ የተሳቢው ብረት፣ አክስሉና ጎማዎቹ አሉ። እነሱን ስድስት ኩንታል ብቻ ናቸው ብለን በቸርነት እንቁጠር። ተሳቢው በጠቅላላው 3,600 ኪሎ ሆነ። ፒካፑ ራሱ ባዶውን ወደ 2,000 ኪሎ ነው። እንግዲህ ተጎታቹ ጎታቹን ሊያጥፈው ምንም አልቀረውም።

ሁለተኛ፤ ፋብሪካው ምን ይላል? መልሱ በሊብሬው ላይ ባለው የጭነት ልክ፣ በበሩ ምሰሶ አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍና ከመኪናው ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በአገራችን በብዛት እንደሚታየው ሃይሉክስ ያለ ፒካፕ የሚሸከመው አንድ ቶን ገደማ ነው፤ በዚህ ውስጥ ሾፌሩም፣ በጋቢናው የሚቀመጡትም ሰዎች ይቆጠራሉ። መጎተትን በተመለከተ፣ አዳዲሶቹ ሃይሉክሶች በብዙ አገር እስከ 3,500 ኪሎ ይፈቀድላቸዋል፤ ይህ ግን ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሆነ ልኩ 750 ኪሎ ነው። ወገኖቼ፣ ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። በአሮጌ አክስል ላይ ሊበየድ የታሰበው ተሳቢ ፍሬን የለውም፤ በዕቅዱም ላይ ስለ ፍሬን የተጻፈ አንድ ቃል የለም። ልኩ 750፣ እኛ ልንጭን ያሰብነው 3,600! ይህ ከልክ ትንሽ ማለፍ አይደለም፤ አምስት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቁልቁለቱ። ሰፈራችን ከእንጦጦ ሥር የተቀመጠ ነው፤ ሜዳ የምናውቀው ለቅሶ ስንደርስ በሌላ ሰፈር ነው። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወርድ መንገድ ያዙ፤ የእኛ ኮብልስቶን በአንዳንድ ቦታ ከዚህም የባሰ ነው። በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ 3,600 ኪሎ ተሳቢ ፒካፑን ከኋላ በ360 ኪሎ ኃይል ይገፋዋል። አምስት ጎልማሶች መንገዱን ሙሉ ጀርባው ላይ እንደተጫኑት ቁጠሩት። የፒካፑ ፍሬን የተሠራው መኪናውን ከነሙሉ ጭነቱ፣ ማለት ወደ ሦስት ቶን ገደማ፣ እንዲያቆም ነው። እኛ የምንጠይቀው 5,600 ኪሎ እንዲያቆም ነው። ሸራው ይግላል፤ ሲግል መያዝ ይተዋል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ሾፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም ምንም አያገኝም። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ትንሽ ቢፈጥን ነው» የሚባል ነገር በቁልቁለት የለም።

ይህም ብቻ አይደለም። ተሳቢው ጥምዝ ላይ ከኋላ ሲገፋ ፒካፑን እንደ ሰንጢ ያጥፈዋል። ሮቶው ደግሞ በውስጡ ግድግዳ የለውም። እውነተኛ የውኃ ቦቴ ውኃው ወዲያና ወዲህ እንዳይላጋ በውስጡ መከፋፈያ ብረት አለው። ሮቶ የተሠራው ጣራ ላይ ወይም ቆጥ ላይ እንዲቀመጥ ነው። በሦስተኛው ቤት ደጃፍ ውኃው ተቀድቶ ሲጎድል ነገሩ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ተሳስቷል፤ ግማሽ የሆነ ሮቶ ውስጥ ውኃው መላጊያ ቦታ ያገኛል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ተንደርድሮ ይመታል፣ በጥምዝ ላይ ወደ ጎን ይጥላል።

አራተኛ፤ ስለ አሜሪካው ምሳሌ። በስብሰባው ላይ አንድ ወንድማችን በስልኩ ፊልም አሳየን። አሜሪካን አገር ያለ ዘመዱ ቤት የሚያህል ባለ ጎማ ማረፊያ በፒካፕ እየጎተተ ይሄዳል። ማያያዣውም ከኋላ ሳይሆን ካሶኒው መሐል ነው። «እኛም እንደዚያ እናስበይድ፤ ያኔ ይችላል» ተባለ። ይህን ምሳሌ ያመጣው ሰው ደግ አደረገ፤ ምክንያቱም ምሳሌው የሚመሰክረው ለእኔ ነው።

እነሱ ያንን ማያያዣ «አምስተኛ ጎማ» ይሉታል። ስሙ የመጣው ከፈረስ ጋሪ ነው፤ የፊተኛው አክስል ወደ ግራና ቀኝ እንዲዞር ከላዩ ተጋድሞ የሚቀመጥ ክብ ነገር ነበረና እንደ አምስተኛ ጎማ ተቆጠረ። ዛሬ በትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች ጀርባ ላይ የምናየው ክብ ብረት የዚያ ልጅ ነው። ጥቅሙ እውነት ነው። ከኋላ የሚንጠለጠል ማያያዣ የኋላውን ተጭኖ የፊቱን ያነሣል፤ መሪውን የሚታዘዙትም፣ አብዛኛውን የፍሬን ሥራ የሚሠሩትም የፊት ጎማዎች ስለሆኑ ይህ አደገኛ ነው። ካሶኒው መሐል ያለው ግን ሸክሙን በኋላ አክስል ላይ ያሳርፋል፤ ተሳቢውም ያን ያህል አይወዛወዝም።

ይሁን እንጂ ዋጋ አለው። ከኋላ የሚያያዝ ተሳቢ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ በመኪናው ላይ ይጥላል። በካሶኒ ላይ የሚያያዘው ግን አንድ አምስተኛ ያህል ይጥላል። የእኛ 3,600 ኪሎ አንድ አምስተኛው 720 ኪሎ ነው። አምስት ሰው በ75 ኪሎ ሲቆጠር 375 ኪሎ ነው። ድምሩ 1,095 ሆነ፤ የማያያዣው ብረት ገና አልተጨመረም። አንድ ቶኑ አለቀ! መጎተቱ ሳይጀመር መሸከሙ አቃተው ማለት ነው።

አሜሪካኖቹም የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው። በእነሱ አገር ቀላል ከሚባሉት ፒካፖች አንዱ ፎርድ ኤፍ-150 ነው። በማስታወቂያ «ይህን ያህል ሺህ ኪሎ ይጎትታል» ይባልለታል። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ሰዎቹን ጨምሮ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ከ700 እስከ 900 ኪሎ ገደማ መሆኑን ይናገራል። 4,500 ኪሎ የሆነ ባለ አምስተኛ ጎማ ተሳቢ ሲያያዝበት 900 ኪሎው ካሶኒው ላይ ያርፋል፤ ሚስትና ልጆች ሳይሳፈሩ ልኩ ሞላ። ስለዚህ የገባቸው ሰዎች ለዚህ ሥራ እንደ ኤፍ-350 ያለ፣ አንዳንዴም ከኋላ ድርብ ጎማ ያለው ከባድ ፒካፕ ይገዛሉ። ፋብሪካዎቹም በየፊናቸው የመጎተት ቁጥር ሲያወጡ ኖረው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የመኪና መሐንዲሶች ማኅበራቸው ለሁሉም አንድ ዓይነት መፈተኛ ደንብ እስኪያወጣ ድረስ ገዢው ቁጥሮቹን በትክክል ማወዳደር አይችልም ነበር።

በፊልሙ ላይ የማይታይ ሌላም ነገር አለ። የዚያ ተሳቢ ጎማዎች ከሾፌሩ ጋቢና የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን አላቸው። ተሳቢው ቢበጠስ በራሱ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ አለው። በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ከ1,360 ኪሎ ገደማ በላይ የሆነ ተሳቢ ያለ ፍሬን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ሕግ ይከለክላል። እኛ ከአሜሪካ የወሰድነው ፎቶውን ነው፤ ፍሬኑን እዚያው ትተነዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለት ይሄኔ ነው።

ደግሞስ ለምን አሜሪካ ድረስ እንሄዳለን? በአገራችን ፊያት 682 ኤን 3፣ ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚለው፣ ከነተሳቢው የአሰብን መንገድ ሲመላለስ የነበረ መኪና ነው። ተሳቢው የራሱ የንፋስ ፍሬን ነበረው። የድሮ ሾፌሮች ደንብ የታወቀ ነው፤ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። መኪናው ሲቆም ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘላል። እነዚያ ሰዎች በጉልበተኛ መኪና ላይ ተቀምጠው ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ እኛ በፒካፕ የምንደፍረው በምን አንጀታችን ነው?

አሁን ለሚነሡት መልሶች ልመልስ።

«ቀስ ብሎ ይነዳል» ይባላል። ቀስ ማለት ጥሩ ነው፤ ግን ቀስ ማለት የሚቻለው ፍሬኑ እስከያዘ ድረስ ነው። «የእጅ ፍሬን አለው» ይባላል። የእጅ ፍሬኑ የተሠራው ለመኪናው እንጂ ከኋላው ለተንጠለጠለ 36 ኩንታል አይደለም፤ በየበሩ ሲቆም ጀሪካን ይዘው ከተሳቢው ፊትና ኋላ የሚሰለፉት ደግሞ እናቶችና ልጆች ናቸው። «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» ይባላል። ሁሉም ሰው ስላደረገው ውኃው አልቀለለም፤ ዛሬም ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው። «ታዲያ በጥም እንሙት?» የሚሉ እናቶች አሉ። ይህ ከባዱና እውነተኛው ጥያቄ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ አንዳንዱ ሳምንት ጭራሽ ያልፋል፤ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ወገብ ይሰብራል። መቃወም ብቻውን ውኃ አይሆንምና የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ/ መዋጮው ለተሳቢ ሳይሆን ለቋሚ ታንከር ይዋል። ከሰፈራችን ከፍ ባለው ቦታ በጠንካራ መሠረት ላይ ሮቶዎች ይተከሉ፤ ውኃ በሚለቀቅበት ሌሊት ይሙሉ፤ በቱቦ ወደ ታች ይውረዱ። ቁልቁለቱ ያኔ ጠላታችን መሆኑ ቀርቶ ሠራተኛችን ይሆናል። የቆመ ሮቶ ፍሬን አያስፈልገውም።

2ኛ/ እስከዚያው ውኃ በመኪና መምጣቱ ግድ ከሆነ ለክብደቱ የተሠራ የጭነት መኪና ወይም ቦቴ ተከራይተን እናስመጣ። ኪራዩ ለየቤቱ ሲካፈል የሚከብድ አይሆንም።

3ኛ/ ወንድማችን በፒካፑ ማገዝ ከፈለገ በካሶኒው ላይ ከ700 ሊትር ያልበለጠ ውኃ፣ ሮቶው ከጋቢናው ተጠግቶና በደንብ ታስሮ፣ ሾፌርና አንድ ረዳት ብቻ ተሳፍረው ይመላለስ። ምልልሱ ይበዛል፤ ነገር ግን ማታ ሁሉም በሰላም ይገባል።

4ኛ/ ማኅበሩ ተሳቢ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ከሆነ፣ ተሳቢው በሁሉም ጎማዎቹ የራሱ ፍሬን ይኑረው፤ ቢበጠስ የሚይዝበት ሰንሰለት ይኑረው፤ ክብደቱ ሞልቶ በሚዛን ይመዘን፤ የተመዘነው ቁጥር ከፒካፑ መጽሐፍ ጋር ተያይዞ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ሁሉ ሳይሟላ አንድ ብር እንዳይዋጣ።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ ያ ቁልቁለት የሚያልቀው በትምህርት ቤቱ በር ላይ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ልጆቻችን በስምንት ሰዓት ተኩል ተንጋግተው የሚወጡት በዚያ በር ነው። ፍሬን የበጠሰ መኪና ጡሩንባ ሊነፋ ይችላል፤ ልጆቹን ግን ከመንገዱ አያነሣልንም። አደጋ ከደረሰ በኋላ ድንኳን ለመትከል እድራችን አያንሰንም፤ የሚበጀን ድንኳኑ እንዳይወጣ ዛሬ እጅ ማውጣት ነው።

በሚመጣው ስብሰባ ሁላችሁም ተገኙ። ሐሳቡን የምትደግፉ የመኪናውን መጽሐፍና ሊብሬውን ይዛችሁ ኑ፤ ቁጥሩን በአደባባይ እናንብበው። ከቁጥሩ ጋር የሚጣላ ጭብጨባ ግን ይብቃን።

ከጉልበት በፊት ፍሬን! ከቅናሽ በፊት ሕይወት!

ከአንድ የማኅበሩ አባል